ድምቡሼ አይናገርም

ጉማሬው የመናፈሻው አልነበረም፤ የኪራይ ነበር። ይህን የሚመጡት ልጆች አያውቁም፣ ከወላጆቻቸውም ብዙዎቹ አያውቁም። ሆዱ የተነፋ፣ ቢጫ ቁምጣ የታጠቀ ሰማያዊ ጉማሬ ነው። መጀመሪያ የወጣው በቴሌቪዥን ካርቱን ላይ ነበር። እየተወደደ ሲሄድ የፈጠረው ድርጅት፣ በዚህ ፊት መነገድ የፈለገ ከእኔ ፈቃድ ይውሰድ አለ። የመናፈሻው ሥራ አስኪያጅም ፈቃዱን ወስዶ ሥዕሉን በሩ ላይ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚመጣው ለሽክርክሪቱ ወይም ለትንሹ ባቡር ብሎ ሳይሆን ለጉማሬው ብሎ ሆነ። በካርቱኑ ላይ ለአፍ የማይመች ሌላ ስም አለው። ልጆቹ ግን ገና እንዳዩት ድምቡሼ አሉት፤ ድምቡሼ ሆኖ ቀረ።

"ደግሞ ፊት ይከራያል?" ብላ ነበር ልብስ ሰፊዋ፣ ወሬውን የሰማች ቀን።

"ቤት ይከራይ የለ እንዴ? ያው ነው" አላት ትኬት ቆራጩ። "ግድግዳ መብሳት ክልክል፣ ቀለም መቀየር ክልክል። አከራዩ ደግሞ ደስ ባለው ሰዓት መጥቶ በር ያንኳኳል።"

ትኬት ቆራጩ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፣ ከሚያወራው ግማሹን ማንም አይሰማውም። ያን ቀን ያለው ግን አንድም አልሳተም።

የድምቡሼን ልብስ ከስፖንጅና ከሰማያዊ ከፋይ የሰፋችው እሷ ናት። ሰፍታም አላበቃችም፤ ልብሱን የሚለብሰውን ሰው እጁን ይዛ የምትመራውም እሷው ናት። ጉማሬው ውስጥ የገባ ሰው በዓይኖቹ ቀዳዳ ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያየው። እግሩ ሥር የሚንደፋደፍ ሕፃን አይታየውም። ጎኑ ሆኖ፣ ደረጃ አለ፣ ልጅ አለ፣ ወደ ግራ፣ የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

ውስጥ የሚገባው ታላቅ ወንድሟ ነበር።

ወንድሟ ይንተባተባል። ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ቃሉ ይነሳና ጥርሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ይነሳል፣ ይቆማል። የሰፈር ልጆች "ሞተር" አሉት፣ በብርድ ቀን አልነሳ የሚል ሞተር ለማለት ነው። ሸምግሎም ያ ስም ከኋላው አልጠፋም። ዳቦ ቤት ሲገባ በጣቱ እያሳየ ነው የሚገዛው። ጋራዥ ገብቶ ሠርቷል፣ መጋዘን ጠብቋል፣ ሱቅ ቆሟል፤ ከሁሉም ያስወጣው አፉ ነው። ሚስት አላገባም። "ም... ምን ብዬ ልጠይቃት?" ብሎ ራሱ ቀልዶበት ያውቃል፣ እህቱም ስቃ ስታበቃ ጓዳ ገብታ አልቅሳለች።

ድርጅቱ ከፈቃዱ ጋር የላከው መመሪያ የመጀመሪያው መስመር፣ ገጸ ባሕርዩ አይናገርም፣ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያነብላቸው ልብስ ሰፊዋ አላስጨረሰችውም። "ሰው አትፈልግ፣ ሰው አለኝ" አለችው።

ወንድሟ ጉማሬው ውስጥ ሲገባ ሌላ ሰው ሆነ። ሲራመድ ዳሌው ይወዛወዛል፣ ሆዱን እያሻሸ ያዛጋል፣ የልጅ ኮፍያ ቀምቶ ለሌላው ልጅ ያለብሳል። ዝም ማለቱ ሥራው ሆነለት። ልጆች ጆሮው ሥር እየገቡ ሚስጥር ይነግሩታል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ እነሱም በቂ መልስ አገኘን ብለው ይሄዳሉ። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ደግሞ አለች፣ በመጣች ቁጥር እናቷን ራቅ አድርጋ አቁማ ነው የምታወራው። ምን እንደምትለው እህቱ ብትጠይቀው፣ "የ... የሰው ሚስጥር ነው" ብሎ አኩርፏል።

እህትና ወንድም በእጃቸው ይነጋገሩ ነበር። አንዴ ጨበጥ ካደረጋት ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ፣ አውጪኝ። ጓንቱን ሆን ብላ ስስ አድርጋ የሰፋችው ለዚህ ነው። የጉማሬውንም አፍ ገርበብ አድርጋ ከኋላው ጥቁር መረብ ጨርቅ አልብሳዋለች። አየሩ በዚያ በኩል ይገባል። ሁለቴ ሲጨብጣት ከአጥሩ ጀርባ ወዳለችው ዕቃ ቤት ትወስደዋለች፣ ጭንቅላቱን ታወልቅለታለች፣ ውሃ ታጠጣዋለች። ልጆች ባሉበት ጭንቅላት ማውለቅ ፈቃዱን የሚያሰርዝ ነገር ነው። ይህም መመሪያው ላይ ተጽፏል።

ፈቃዱ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ከድርጅቱ ተቆጣጣሪ መጣች። ወጣት ናት፣ ጨዋ ናት። አንገቷ ላይ የልብስ ሜትር ጠምጥማለች፣ በእጇ የቀለም ናሙና ይዛለች። ዕቃ ቤት ገብታ ናሙናውን ከፋዩ ላይ እያስደገፈች አየች፣ ጆሮዎቹን ለካች፣ ጅራቱን ለካች። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ወንድምየው ጥጉ ላይ በርጩማ ይዞ ተቀምጧል።

"ይህ አፍ ለምን ተከፈተ?" አለች ተቆጣጣሪዋ።

"ሊተነፍስበት ነዋ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"እትዬ፣ ገጸ ባሕርዩ አፉ የተዘጋ ነው። በአንዱም ክፍል ላይ ከፍቶት አያውቅም።"

"እሱ ሥዕል ነው፣ ልጄ። ውስጡ ሰው የለበትም።"

"ገብቶኛል። ስለዚህ እኮ ነው ማራገቢያ ያለው ጭንቅላት እዘዙ ያልነው።" ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። "አልታዘዘም?"

"መንገድ ላይ ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ። አላዘዘም። ልብስ ሰፊዋ ዓይኑን ስታየው ጫማውን አየ።

"እስኪደርስ ድረስ ቶሎ ቶሎ እረፍት ይውሰዱ። አፉ ግን ይዘጋ። ጓንቱም ይህ ይሁን፣ የእናንተው አምስት ጣት አለው፤ ገጸ ባሕርዩ አራት ነው።" ከቦርሳዋ ሁለት ጓንት አወጣች፣ እንደ ትራስ የተጠቀጠቁ። "ደግሞ ለምን አይተኛም? ልጆች አብልጠው የሚወዱት መተኛቱን ነው።"

እውነቷን ነው። በካርቱኑ ላይ ድምቡሼ በየክፍሉ መጨረሻ ያለበት ቦታ ዘፍ ብሎ ይተኛል፤ መንገድ መሃል፣ ገበያ መሃል፣ የሰው አልጋ ላይ። ልጆቹም ከቴሌቪዥኑ ፊት ሆነው "ተነስ ድምቡሼ!" እያሉ ይጮሁበታል።

"ከተኛ ማን ያነሳዋል?" አለች ልብስ ሰፊዋ። "በዚያ ሆድ ብቻውን አይነሳም።"

ተቆጣጣሪዋ ፈገግ አለች። "እሱን አላስገድድም። አፉንና ጓንቱን ግን የሳምንቱ መጨረሻ ላይ መጥቼ አያለሁ። ያኔ ካልተስተካከለ እንዲታደስ መፈረም አልችልም።"

ስትወጣ ሥራ አስኪያጁ በሩን ይዞ ቀረ። "እትዬ፣ አደራሽን ግትርነትሽን ዛሬ ተዪልኝ። ጉማሬው ከወረደ ይህን በር የሚረግጥ የለም። ሽክርክሪቱን የሚያዞረው ልጅም፣ ባቡር ነጂውም፣ አንቺም፣ እኔም ወደ ቤት ነው።"

"ማራገቢያውን እዘዛ።"

"አዝዛለሁ አልኩ እኮ።"

እሱ ከሄደ በኋላ የጉማሬውን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መርፌውን አላነሳችም።

"አልዘጋውም፣ ወንድምጋሼ" አለች። "ሌላ ሰው ይፈልጉ። አፍኖ የሚገድልህን ልብስ በገዛ እጄ አልሰፋም።"

"ዝ... ዝጊው።"

"አልኩህ፣ አልዘጋም።"

"ሚጡ።" በዚህ ስም የሚጠራት በምድር ላይ እሱ ብቻ ነው። በርጩማውን አስጠግቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ቃሉን ሲገፋ የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ እሷም እንደ ልማዷ ዓይኗን ከአፉ ላይ አንስታ ጠበቀችው። "ው... ውጭ ስናገር... ሰው አፉን ከ... ከፍቶ ይጠብቀኛል። ቃ... ቃሌን ይጨርስልኛል። እ... እዚያ ውስጥ ግን... ማንም አይጠብቀኝም።"

ይህን ያህል ረጅም ነገር ተናግሮ አያውቅም። እሷም አንገቷ ላይ ያንጠለጠለቻትን ትንሽ መቀስ አወለቀች፣ ክር ቆረጠች፣ ቆልማማውን መርፌ አንስታ ከከንፈሩ ጫፍ ጀመረች። ሁለተኛው ጫፍ ጋ ስትደርስ የትንሽ ጣት ማሾለኪያ ታህል ክፍት ትታ ክሩን ቋጠረች። እሱ ጭንቅላቱን ተቀብሎ በጣቱ ስፌቱን እየዳሰሰ ሄደና ያቺን ቀዳዳ አገኛት። ራሱን ግራና ቀኝ ወዝውዞ መለሰላት። ዘጋችው።

ከዚያ አዲሱን ጓንት አጠለቀና እጇን ያዘ።

"ጨበጥከኝ?"

ራሱን ነቀነቀ።

"ጠንከር አድርገው።"

ጠንከር አደረገው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ሐሳቧን ሁሉ እጇ ላይ አድርጋ፣ ከስፖንጁ ወዲያ ማዶ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ የተሰማት መሰላት።

"ይሰማኛል" አለችው። ከአፏ ከወጣ በኋላ ቅር አላት፤ ግን እሱ ደስ ብሎት ነበርና ያለችውን አላረመችም።

ተቆጣጣሪዋ ተመልሳ የመጣች ቀን ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። ሰው ግጥም ብሏል። ትኬት ቆራጩ ከመስኮቱ ውስጥ ሆኖ፣ "ኑ፣ ኑ፣ ድምቡሼ አፉን ዘግቷል፣ ዛሬ ማንንም አይበላም!" እያለ ይለፍፋል። ተቆጣጣሪዋና ሥራ አስኪያጁ ሽክርክሪቱ አጠገብ ጥላ ሥር ቆመዋል፣ ሥራ አስኪያጁ ለስላሳ ገዝቶላታል።

ድምቡሼ ወጣ። ልጆቹ ንብ ሆነው ከበቡት። ዳሌውን አወዛወዘ፣ ኮፍያ ቀማ፣ ሕፃን አቅፎ ፎቶ ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ ግራ እጁን ይዛ፣ "ልጅ አለ፣ ቀስ፣ ድንጋይ አለ" ትለዋለች። ትንሽ እንደቆዩ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ "እንግባ?" አለችው። ትልቁን ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘው። ተቆጣጣሪዋ እያየችው እንዴት ይግባ? ደግሞ ጠየቀችው፣ ደግሞ ወዘወዘው። ጥርሷ የወለቀው ልጅ መጣችና ጆሮው ሥር ገባች። እሱ ጎንበስ ብሎ ሰማት፤ ከልማዱ በላይ ረጅም ጊዜ ጎንበስ እንዳለ ቆየ።

በዚህ መሃል አንድ ዳዴ የሚል ሕፃን ከእናቱ አምልጦ በድምቡሼ እግሮች መካከል ገባ። ልብስ ሰፊዋ እጁን ሳትለቅ ጎንበስ ብላ ሕፃኑን በአንገትጌው ያዘችው፣ ለእናቱ አቀበለቻት፣ እናቲቱ ይቅርታ አለች፣ እሷም ምንም አይደል አለች። ያን ጊዜ እጇ ውስጥ የነበረው ትራስ ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አታውቅም። ብሏትም ይሆናል። ደጋግሞ ብሏትም ይሆናል።

ቀና ስትል ድምቡሼ በጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር። ከዚያ በጎኑ ዘፍ አለ።

መናፈሻው በሳቅ ተናጋ። ልጆቹ ይህን ሲጠብቁ ነው የኖሩት። "ተነስ ድምቡሼ!" ብለው ጀመሩ፣ እየዘለሉ፣ እያጨበጨቡ፣ "ተነስ ድምቡሼ! ተነስ ድምቡሼ!" ትኬት ቆራጩ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ተቀበላቸው። ጥላው ሥር ተቆጣጣሪዋ ለስላሳዋን አስቀምጣ አጨበጨበች። ወላጆች ስልካቸውን አወጡ። ልብስ ሰፊዋ ራሷ፣ ለአንድ አፍታ፣ ሳቋ አመለጣት።

ከዚያ፣ በዚያ ሆድ ብቻውን አይነሳም፣ ያለችው ትዝ አላት። እሱም ይህን ያውቃል። አንድም ቀን ተኝቶ የማያውቀው ለዚህ ነው።

አጠገቡ ተንበረከከች። "ወንድምጋሼ" አለች። የጓንቱን እጅ አንስታ ጨበጠችው። አንዴም አልመለሰላት።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ ደረሰ፣ ፊቱ ላይ ለሰው የሚታይ ፈገግታ አንጠልጥሎ። በጥርሱ መካከል፣ "እዚህ አታውልቂው" አላት። "ሰው ልጥራና ከአጥሩ ጀርባ እንውሰደው። ለእግዜር ብለሽ፣ እዚህ አይሆንም።"

አጥሩ ከዚያ ሰው ሁሉ ወዲያ ነው። መቀሷን ከአንገቷ በጠሰችና በገዛ እጇ የሰፋችውን አፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደደችው። መረብ ጨርቁንም ቀዳ ገለጠችው።

ከፊት የቆሙት ልጆች ጉማሬው አፍ ውስጥ የሰው ፊት አዩ። ዓይኑ የተገለበጠ፣ አፉ የተከፈተ፣ ላብ ያጠመቀው ሽማግሌ ፊት።

"ሰው በልቷል" አለ አንዱ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ከዚያ ጩኸቱ ተነሳ። ልጆች ወደ እናቶቻቸው ቀሚስ ተበተኑ፤ አንዱ አንዱን እየጣለ። ጥርሷ የወለቀው ልጅ ብቻ አልሮጠችም፣ እዚያው ቆማ ሱሪዋን አራሰችው። ልብስ ሰፊዋ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ መንጭቃ አወለቀችውና ወደ ጎን ወረወረችው። ጭንቅላቱ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተንከባለለ።

መጀመሪያ የደረሰችው ተቆጣጣሪዋ ናት። የራሷን ውሃ ፊቱ ላይ አፈሰሰች፣ ተንበርክካ በቀለም ናሙናዋ አራገበችለት። "መኪና!" አለች ሥራ አስኪያጁን። "ምን ቆመህ ታያለህ? መኪና አምጣ!" ወንድምየው ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር ተሰነጠቀ፣ ከዚያ አየር ሳበ። ስልኮቹ አሁንም ወደ ላይ እንደተያዙ ነበሩ።

ተረፈ። ክሊኒክ አደረ፣ ወደ ቤት ተመለሰ። ሐኪሙ፣ ልቡ ተጎድቷል፣ ከባድ ነገር እንዳይነካ፣ ፀሐይ እንዳይመታው፣ አለ።

ፈቃዱ አልታደሰም። ተቆጣጣሪዋ ልብስ ሰፊዋን ለብቻዋ ጠርታ ነገረቻት፣ ዓይኗ ቀልቶ። "እኔ ዝም ብል እንኳ፣ እትዬ፣ አገር ምድሩ ቀርጾታል። ጉማሬው አፍ ውስጥ ያለው ፊት በየስልኩ ነው ያለው። ድርጅቱ ከዚያ ፊት ጋር ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም።"

"ያ ፊት ወንድሜ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"አውቃለሁ።"

ሥዕሉ ከበሩ ወረደ። ፈቃድ የተነሳበት ልብስ ደግሞ ማንም መልሶ እንዳይለብሰው ምስክር ባለበት ይቆራረጣል፤ ይህም ከመመሪያው ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ "የሰፋሽው አንቺ ነሽ፣ ስፌቱን ታውቂዋለሽ" ብሎ ዕቃ ቤቱን ከፈተላት። ሆዱን ቆረጠች፣ እግሮቹን ቆረጠች፣ ጆሮዎቹን ቆረጠች። ከከፋዩ ውስጥ የወንድሟ ላብ ይሸታል። ሽክርክሪቱን የሚያዞረው ልጅ በር ላይ ቆሞ ሲያያት ቆየና ደህና ዋይ ሳይላት ሄደ። ትኬት ቆራጩ ብቻ ቁርጥራጩን በማዳበሪያ መክተት አገዛት። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ሠራ። ሲጨርሱ፣ "አከራዩ ቤቱን አፈረሰው፣ እትዬ ግትር" አለ። ቀልድ አልመሰለም።

ወንድሟ መስኮቱ አጠገብ ወንበር አስጠግቶ መቀመጥ ጀመረ። አይናገርም። የድሮው ዝምታው ቃል የሚታገልበት ነበር፤ የአሁኑ ትግል የለበትም። ምግብ ስታቀርብለት ይበላል፣ ተኛ ስትለው ይተኛል። አንድ ቀን ጥርሷ የወለቀው ልጅ ከእናቷ ጋር በመስኮቱ ሥር አለፈች። አየችው። እናቷ ጀርባ ገብታ ቀሚሷን በሁለት እጇ ያዘች፣ መንገዱን እስኪታጠፉ ድረስ አልለቀቀችውም። ከዚያ ቀን ወዲህ መጋረጃውን እሱ ራሱ ነው የሚዘጋው።

እሷ ግን ግትር አይደለች? ሐኪሙ ትንሽ ይራመድ ብሏል ብላ ፀሐዩ ዘወር ሲል እየጎተተች ታወጣዋለች።

"ለ... ለምን አወለቅሽው?" አላት አንድ ቀን መንገድ ላይ። ከወደቀበት ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

"ትሞት ነበር እኮ፣ ወንድምጋሼ።"

"አ... አውቃለሁ" አለ።

እሷም እጁን ያዘችው፣ እንደ ድሮው ግራ እጁን። ጓንት የለ፣ ስፖንጅ የለ፤ አጥንቱን፣ የደም ሥሩን፣ ሁሉንም ትዳስሰዋለች። የመናፈሻውን አጥር ታክከው ሄዱ። ከአጥሩ ወዲያ ሽክርክሪቱ ቆሟል፣ አንዱ ፈረስ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶበታል።

እዚያ ጋ ሲደርሱ እጇን ሁለቴ ጨበጥ አደረጋት።

ቆማ አየችው። የለበሰው አመድማ ሹራቡን ነው። ራሱ ላይ ምንም የለም፤ ነፋሱ ሽበቱን ያነሳዋል፣ ይጥለዋል።

"ከምኑ ነው የማወጣህ?" አለችው።

መራመዱን ቀጠለ። ትንሽ ሄድ እንዳሉ ደግሞ ጨበጣት፣ ሁለቴ።